የተኛውን የካሳቫ ዘር ስለ ማንቃት

ዘር ሁሉ በተዘራ ጊዜ ወዲያው አይበቅልም። ጤፍና ገብስ በእርጥብ መሬት በተጣሉ በጥቂት ቀን ውስጥ ሲጎነቁሉ፣ ሌላው ዘር ግን አፈር ለብሶ ውሃም ጠጥቶ፣ ሳምንት በሳምንት ላይ ሲጨመር ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። ይህን ያየ ሰው ዘሩ ሞቶአል ብሎ አፈሩን ይገለብጠዋል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ዘሩ የተኛ ነው እንጂ የሞተ አይደለም። በሞተና በተኛ ዘር መካከል ያለውን ልዩነት ያላወቀ ሰው ደኅናውን ዘር ይጥላል፤ ያወቀ ግን እንቅልፉ ከምን እንደ መጣ መርምሮ በሚገባው ብልሃት ያነቃዋል። ከዚህ በታች የተጻፈው በአርባ ምንጭና በጋሞ ቆላ ስለሚተከለው ስለ ካሳቫ ዘር ይህንኑ ብልሃት የሚገልጽ ነው።

ካሳቫ ምን እንደ ሆነ

ካሳቫ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ ቅጠሉ እንደ እጅ ጣቶች የተከፋፈለ፣ ሥሩ ወፍሮ ለምግብ የሚሆን ተክል ነው። ጥንተ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ ወደ አፍሪካ ያመጡት እ.ኤ.አ. በ16ኛው መቶ ዓመት የፖርቱጋል መርከበኞች ናቸው። በኢትዮጵያ ይልቁንም በደቡብ፣ ይኸውም በጋሞ፣ በጎፋ፣ በወላይታና በአማሮ ቆላዎች ይተከላል። ሰውም በልዩ ልዩ ስም ይጠራዋል፤ አንዳንዱ ሚታ ቦዬ፣ አንዳንዱ የእንጨት ቦዬ፣ ሌላውም የፉርኖ ዱቄት ዛፍ ይለዋል። ከ1977 ዓ.ም. ረኃብ ወዲህ ድርቅን የሚችል ተክል መሆኑ ይበልጥ ስለ ታወቀ፣ በገበሬው ዘንድ ተፈላጊነቱ ጨምሮአል። ዝናም ቢዘገይ ሌላው አዝመራ ሲደርቅ፣ የካሳቫ ሥር ግን በመሬት ውስጥ ተቀብሮ ባለቤቱን ይጠብቃል።

ገበሬው ካሳቫን የሚያበዛው በዘር አይደለም። የበሰለውን ግንድ ከ20 እስከ 30 ሣንቲ ሜትር በሚሆን ርዝመት እየቆረጠ በመሬት ያስገባዋል፤ ከግንዱም ዐይኖች አዲስ ቅርንጫፍ፣ ከታቹም አዲስ ሥር ይወጣል። ይህ ልማድ ታላቅ ጥቅም አለው። ተክሉ ፈጥኖ ይይዛል፤ እናቲቱም ጣፋጭ እንደ ሆነች ልጆቿ ሁሉ ጣፋጮች፣ ብዙ ሥር የምትሰጥ እንደ ሆነች ልጆቿም ብዙ ሥር የሚሰጡ ይሆናሉ። ስለዚህ ለቤተ ሰቡ ምግብ ካሳቫ የሚተክል ሰው ግንዱን መትከሉን አይተው።

ዘሩ ስለ ምን እንደሚያስፈልግ

ነገር ግን ግንዱን ቆርጦ መትከል ሁለት ጉድለት አለው። አንደኛው፣ ግንዱ የእናቲቱን መልካም ጠባይ ብቻ ሳይሆን በሽታዋንም ይዞ መሄዱ ነው። በብዙው የአፍሪካ ክፍል የካሳቫን ቅጠል የሚያዥጎረጉርና የሚያጨማድድ፣ ሞዛይክ የሚባል በሽታ አለ። ይህን በሽታ ነጭ ዝንብ የምትባል ታናሽ ነፍሳት ከተክል ወደ ተክል ታደርሰዋለች፤ ከታመመ ተክል የተቆረጠ ግንድም ወደ አዲሱ ማሳ ያገባዋል። ሁለተኛው ጉድለት፣ በግንድ ከተተከለ ካሳቫ አዲስ ዓይነት አለመገኘቱ ነው። ሁሉም እናቱን ስለሚመስል፣ እናቲቱ በሽታ የማትችል ከሆነች ማሳው በሞላ ባንድ ጊዜ ይጠቃል።

ዘር ግን ከአባትና ከእናት የተወለደ ስለ ሆነ እያንዳንዱ ፍሬ የየራሱ ጠባይ አለው። ካሳቫን ሊያሻሽሉ የደከሙ ሊቃውንት ሁሉ ተስፋ ያደረጉት በዚህ ነው። በዛሬይቱ ታንዛኒያ፣ አማኒ በሚባል ስፍራ በነበረው የእርሻ ምርምር ጣቢያ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት ስቶሬይና ኒኮልስ የሚባሉ ሊቃውንት በሽታውን የሚችል ዓይነት ፍለጋ ካሳቫን ዘመዱ ከሆነው ከሴአራ የጎማ ዛፍ ጋር አዳቀሉ። ከዚያ ሥራ የተገኘው ዘር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወደ ናይጄሪያ ተላከ። ከበቀሉትም መካከል ተመርጦ 58308 የሚል ቍጥር የተሰጠው ተክል፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በኢባዳን ከተማ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሐሩር ክልል ግብርና ተቋም ላወጣቸው ሞዛይክን ለሚችሉ ዓይነቶች ወላጅ ሆነ። በኢትዮጵያም ለገበሬው ከተሰጡት ዓይነቶች መካከል ኬሎና ቁሌ የሚባሉት ምንጫቸው ናይጄሪያ ነው።

እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ነው። ከአማኒ ወደ ናይጄሪያ የተላከው ዘር ሳይነቃ ቀርቶ ቢጣል ኖሮ፣ የብዙ ዓመት ድካም ከንቱ በሆነ ነበር። ባንድ የእጅ እፍኝ ዘር ውስጥ ነገ ብዙ ሕዝብ የሚመግብ ተክል ሊኖር ይችላል፤ ዳሩ ግን ካልበቀለ አለመኖሩ ነው።

በጋሞ ምድር የሚገኙ ሦስት ዓይነት የዘር እንቅልፎች

ዘር የሚተኛው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘር ሁሉ ባንድ ቀን የሚነቃ ቢሆን፣ ወቅቱን ሳይጠብቅ አንድ ቀን የጣለ ዝናም ሁሉን አብቅሎ፣ በማግሥቱ የሚመጣው ፀሐይ ሁሉን ባደረቀ ነበር። ስለዚህ ዘሩ ጊዜው መድረሱን እስኪያውቅ ድረስ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ምልክት ግን ለእያንዳንዱ ዘር ልዩ ነው። ይህም በጋሞ ምድር ከደጋው እስከ ቆላው ሲወረድ ጎልቶ ይታያል።

ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው በጨንቻ ደጋ ፖም ይተከላል። የፖም ዘር ብርድን ይጠብቃል፤ ከ2 እስከ 3 ወር ያህል በእርጥበትና በብርድ ውስጥ ካልቆየ ደኅና አድርጎ አይበቅልም። የተፈጠረው ክረምቱ በረዶ በሆነበት አገር ስለ ሆነ፣ ብርዱ ሳያልፍ መብቀል ሞት መሆኑን ጠባዩ ያውቃል።

ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርዱ በቆላው ግራር ይገኛል። የግራር ዘር እንቅልፉ በቅርፊቱ ነው። ቅርፊቱ እንደ ቀንድ የጠነከረ ስለ ሆነ ውሃ አያስገባም፤ ውሃ ያልገባው ዘር ደግሞ አይነቃም። ፍየል ፍሬውን በልታ በሆዷ ያለፈው ዘር ቅርፊቱ ስለሚሳሳ በጉድፍ ላይ በቅሎ ይታያል። ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎችም የግራርን ዘር በሞቀ ውሃ መዘፍዘፋቸው ወይም ቅርፊቱን መፋቃቸው ይህንኑ ሥራ ለመሥራት ነው።

ሦስተኛው የካሳቫ ዘር ነው። ይህ ዘር ብርድን አይፈልግም፤ ይልቁንም ብርድ ያስተኛዋል። እንቅልፉም የቅርፊት ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ ዕረፍትን፣ ቀጥሎ የቅርፊቱን መሳሳት፣ ከሁሉ ይልቅ ግን ሙቀትን ይጠብቃል። ስለዚህ ለፖም መድኃኒት የሆነው ብርድ ለካሳቫ ጠንቅ ነው፤ አንዱን ዘር ያነቃ ብልሃት ሌላውን ያነቃል ብሎ ማሰብ አይገባም። በቅድሚያ የዘሩን ጠባይ ማወቅ፣ ከዚያ በኋላ መድኃኒቱን መስጠት ያስፈልጋል።

የካሳቫ ዘር መልክና አሠራር

የካሳቫ ፍሬ ክብ መሳይ ሆኖ በጎኑ 6 ቀጫጭን ክንፎች አሉት። ውስጡ በ3 ክፍል የተከፈለ ሲሆን በያንዳንዱ ክፍል 1 ዘር ይገኛል። አበባው ከተዳቀለ በኋላ ፍሬው እስኪበስል 3 ወር ያህል ይፈጃል። በበሰለና በደረቀ ጊዜ እየተሰነጠቀ ዘሩን ወደ ሩቅ ያፈናጥራል። ስለዚህ ዘር ፈላጊዎች ፍሬው ሳይፈነዳ በስስ ጨርቅ ከረጢት ያስሩታል፤ ያለዚያ ዘሩ ተበትኖ ይጠፋል።

ዘሩ ርዝመቱ 1 ሣንቲ ሜትር ያህል ነው፤ መልኩ ግራጫ ሆኖ ጠቆር ባለ ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ ነው። ከሁለቱ ጫፎቹ ባንደኛው ላይ ገርጣ ያለች ለስላሳ እብጠት አለች። ይህችን እብጠት ጉንዳኖች ስለሚወዱአት ዘሩን ተሸክመው ወደ ጉድጓዳቸው ያገቡታል፤ እርሷን በልተው ዘሩን ይተዉታል፤ ዘሩም በዚያ ተቀብሮ ይተኛል። ሥር የሚወጣበትም ጫፍ ይኸው እብጠት ያለበት ነው። በቅርፊቱ ውስጥ ፅንሱ አለ፤ በዙሪያውም ቅጠል አውጥቶ ራሱን እስኪችል የሚመገበው ስንቅ አለ። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለ ሆነ ደካማው ፅንስ ገፍቶ ለመውጣት ይቸገራል።

ከመዘራቱ አስቀድሞ የሚደረጉ 6 ነገሮች

1. የበሰለውን ብቻ መልቀም። አረንጓዴ ፍሬ ተቀጥፎ የወጣ ዘር ፅንሱ ያልጠነከረ ስለ ሆነ ምንም ብልሃት አያነቃውም። ፍሬው ደርቆ ሊፈነዳ ሲል፣ ወይም በከረጢቱ ውስጥ ከፈነዳ በኋላ ዘሩ ይሰበሰባል። ለቃሚውም የተለቀመበትን ቀንና የተለቀመበትን ተክል በወረቀት ጽፎ ከዘሩ ጋር ያኖራል።

2. ማሳረፍ። አዲስ የተለቀመ የካሳቫ ዘር ከሁሉ ይልቅ የተኛ ነው፤ ከ3 እስከ 6 ወር ያህል ሊያርፍ ይገባዋል። ይህም ነገር ለባላገር እንግዳ አይደለም፤ ለጠላ ብቅል የምታወጣ ሴት ከአውድማ ገና የገባ ገብስ ከሰነበተው ይልቅ መጎንቆል እንደሚያስቸግር ታውቃለች። ዘሩ በወረቀት ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ እርጥበትና አይጥ በማይደርስበት ደረቅ ስፍራ ይቀመጥ። በመስከረም የተለቀመ እንደ ሆነ በየካቲት 5 ወር ይሞላዋል። በአርባ ምንጭ አካባቢ የካቲትና መጋቢት የሙቀት ወራት ናቸው፤ የበልጉም ዝናም የሚጀምረው በዚያው ወራት ስለ ሆነ ዘሩን ለማንቃት የሚስማማ ጊዜ ነው። ዳሩ ግን ዕረፍት ይጠቅማል ተብሎ ዘሩ ለብዙ ዓመት አይቀመጥም፤ በቤት ሙቀት እጅግ የቆየ ዘር ኃይሉ እየደከመ ይሄዳልና።

3. በውሃ መምረጥ። ዘሩ በሚዘራበት ዋዜማ ውሃ በሞላ ዕቃ ውስጥ ይጨመራል። የሚሰምጠው ውስጡ የሞላ ነው፤ የሚንሳፈፈው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ወይም የቀጨጨ ስለ ሆነ ይለያል። ይህ ምርጫ ባይደረግ ባዶው ዘር ከተኛው ጋር ተቆጥሮ ሂሳቡን ያሳስታል።

4. ቅርፊቱን መሞረድ። ታናሽ ሞረድ ወይም ብርጭቆ ወረቀት ተይዞ፣ እብጠቷ ባለችበት ጫፍ አጠገብ የቅርፊቱ ግራና ቀኝ ጎን በቀስታ ይፋቃል። ቅርፊቱ ሲሳሳ ውሃና አየር በቀላሉ ይገባል፤ ሥሩም ገፍቶ ለመውጣት አይቸገርም። ነገር ግን ጫፉ ራሱ አይነካም፤ ፅንሱ ሥሩን የሚያወጣው በዚያ ነው። ነጩ ውስጥ ከታየ ፋቂው አብዝቶአል ማለት ነው፤ የቆሰለ ዘር በአፈር ውስጥ ይበሰብሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በዚህ ሥራ ችኮላ ዘርን ከማጥፋት በቀር ጥቅም የለውም።

5. መዘፍዘፍ። የተፋቀው ዘር በንጹሕ ውሃ ለ1 ቀንና ለ1 ሌሊት ይዘፈዘፋል። ውሃው ለእጅ የማይበርድ ቢሆን መልካም ነው፤ የፈላ ግን አይሁን። ከዚህ አብልጦ ማቆየትም አይገባም፤ ዘር እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ በውሃ ውስጥ ብዙ ቀን የዋለ ዘር አየር አጥቶ ይታፈናል።

6. ሙቀትና ጨለማ መስጠት። ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ኤሊስ፣ ሆንግና ሮበርትስ የሚባሉ መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ሥራ፣ ሙቀቱ ከቀኑ ክፍል ለጥቂት ሰዓት እንኳ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳያልፍ፣ የሙሉ ቀኑም አማካይ 24 ዲግሪ ሳይደርስ ጥቂት የካሳቫ ዘር ብቻ እንደሚበቅል አስረድተዋል። ዘሩ የሚወደው ቀን ሞቆ ሌሊት በመጠኑ ሲቀዘቅዝ ነው። ብርሃንም አይፈልግም፤ በጨለማ ይበልጥ ይነቃል። ስለዚህ በጨንቻ ብርድ ውስጥ የተዘራ የካሳቫ ዘር ሳይበቅል ቢቀር፣ ሞተ ሊባል አይገባውም፤ ያንኑ ዘር ወደ አርባ ምንጭ አውርዶ መሞከር ይገባል።

ዘሩ ሙቀትን ስለ ምን እንደሚጠብቅ ከጥንተ አገሩ መረዳት ይቻላል። በደቡብ አሜሪካ፣ በጉያና አገር የሚኖሩ ማኩሺ የሚባሉ ሕዝብ ካሳቫን እንደ ጋሞ ገበሬ በግንድ ይተክላሉ፤ ማሳቸውንም ለብዙ ዓመት ጦም ያሳድሩታል። በዚያ ዘመን በመሬት የተቀበረው የካሳቫ ዘር በዛፍ ጥላ ሥር፣ ባልሞቀ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይቆያል። ገበሬው ተመልሶ ጫካውን መንጥሮ ባቃጠለው ጊዜ ጥላው ይወገዳል፤ ፀሐይ አፈሩን ያሞቀዋል፤ የተኛውም ዘር ነቅቶ ይበቅላል። እንግዲህ ሙቀት ለዘሩ፣ ጥላው ተነሥቶአል፣ የሚያድግበትም ስፍራ ተገኝቶአል የሚል ምልክት ነው። ማኩሺዎችም እንዲህ በራሱ የበቀለውን ሁሉ እንደ አረም አይነቅሉትም፤ ደኅና ሆኖ ያደገውን ጠብቀው፣ ግንዱን ቆርጠው ከቀድሞው ካሳቫቸው ጋር ይተክሉታል።

በተማሪ ቤት የሚደረግ ፈተና

ይህ ሁሉ በቃል ብቻ ከሚነገር በዓይን ቢታይ ይሻላል። ለዚህም 100 የሰመጡ ዘሮች፣ 5 ሣጥኖች፣ አሸዋ የተቀላቀለበት አፈርና አንድ ደብተር ይበቃሉ። የሙቀት መለኪያ ቢገኝ ሥራው ይበልጥ ይቃናል። ከ100ው ዘር 80ው ከ5 ወር በፊት የተለቀመ፣ 20ው ደግሞ ከዚያው ተክል በዚያው ሳምንት የተለቀመ ይሁን። በእያንዳንዱ ሣጥን 20 ዘር በ1 ሣንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ይዘራል።

በመጀመሪያው ሣጥን በሳምንቱ የተለቀመው ዘር እንዲሁ ይዘራል። በሁለተኛው ያረፈው ዘር እንዲሁ ይዘራል። በሦስተኛው ያረፈውና የተዘፈዘፈው ይዘራል። በአራተኛው ያረፈው፣ የተሞረደውና የተዘፈዘፈው ይዘራል። በአምስተኛውም እንደ አራተኛው ሆኖ ያረፈ፣ የተሞረደና የተዘፈዘፈ ዘር ይዘራል። ከዚህ በኋላ የመጀመሪያዎቹ 4 ሣጥኖች በጥቁር ላስቲክ ተሸፍነው ፀሐይ በሚያገኝ ስፍራ ይቀመጣሉ፤ አምስተኛው ግን በተመሳሳይ ላስቲክ ተሸፍኖ በቤት ውስጥ፣ በቀዝቃዛ ጥግ ይቀመጣል። አፈሩ ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን፤ ውሃ ግን አይቋጥር። ሙቀት መለኪያው በላስቲኩ ሥር ከ38 ዲግሪ ያለፈ እንደ ሆነ፣ ላስቲኩን በጎኑ ገለጥ አድርጎ ማስተንፈስ ይገባል። ቡቃያ በታየበት ሣጥን ላይ ላስቲኩ ወዲያው ይነሣል።

አንዱ ሣጥን ከሌላው ባንድ ነገር ብቻ እንዲለይ የተደረገው በምክንያት ነው። መጀመሪያውን ከሁለተኛው ያስተያየ ተማሪ የዕረፍትን ጥቅም ያያል፤ ሁለተኛውን ከሦስተኛው ያስተያየ የመዘፍዘፍን፣ ሦስተኛውን ከአራተኛው ያስተያየ የመሞረድን፣ አራተኛውን ከአምስተኛው ያስተያየ የሙቀትን ጥቅም ያያል። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ተለውጦ ቢሆን ግን ውጤቱ ከየትኛው እንደ መጣ ማንም ሊናገር አይችልም። ይህ ሥርዓት ለካሳቫ ብቻ ሳይሆን ለማናቸውም ምርመራ መሠረት ነው።

ተማሪዎች ተራ እየገቡ በየቀኑ ባንድ ሰዓት የበቀለውን ቆጥረው በደብተር ይጻፉ። በደኅና ሙቀት ያለ ዘር በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ ይታያል፤ ቆጠራው ግን እስከ 30 ቀን ይቀጥል። ከመቶ ስንት እንደ በቀለ ለማወቅ፣ የበቀለው በ100 ተባዝቶ ለ20 ይካፈላል። ለምሳሌ ከ20 ዘር 13ቱ በቅሎ እንደ ሆነ፣ 13 ሲባዛ በ100 ይሆናል 1,300፤ ይህም ለ20 ሲካፈል 65 ይሆናል፤ ስለዚህ ከመቶ 65 በቅሎአል ማለት ነው።

በ30ኛው ቀን ያልበቀለው ዘር አይጣል። ከአፈር ወጥቶ ታጥቦ በምላጭ ለሁለት ይከፈል፤ ይህንንም አስተማሪው ራሱ ያድርገው። ውስጡ ነጭና ጠንካራ የሆነው የተኛ ነው፤ ለስላሳ ሆኖ የሚሸት የሞተ ነው፤ ባዶ የሆነው ደግሞ መጀመሪያውኑ ፅንስ ያልነበረው ነው። የሦስቱም ቍጥር ለየብቻ ይጻፍ። ከአምስተኛው ሣጥን የወጣው ዘር ውስጡ ነጭና ጠንካራ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ብርድ ያስተኛው እንጂ ያልገደለው መሆኑ በዓይን ይታያል። ይህን ለማረጋገጥ ከዚያው ሣጥን ጥቂት ዘር ሳይከፈል ተመልሶ በሚሞቀው ሣጥን ይዘራ።

ሊጠበቁ የሚገባቸው ነገሮች

በምርመራ ቤት ያሉ ሊቃውንት ዘርን ለማንቃት ጂበሪሊክ አሲድ፣ ፖታሲየም ናይትሬትና የሰልፈር አሲድ የሚባሉ መድኃኒቶችን ይጠቀማሉ። የሰልፈር አሲድ ሥጋን የሚያቃጥልና ዓይንን የሚያጠፋ ስለ ሆነ በተማሪ ቤት ከቶ አይነካም። ሞረድና ፀሐይ ያለ አደጋ የሚሠሩትን ሥራ በአደገኛ ነገር መሥራት ብልህነት አይደለም።

ካሳቫ በሥሩም በቅጠሉም ውስጥ ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ የሚያወጣ ነገር አለበት። በዓይነቱ መራራ የሆነው ይበልጥ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1981 በሞዛምቢክ ድርቅ በነበረ ጊዜ፣ ደኅና ሆኖ ያልተዘጋጀ መራራ ካሳቫ የበሉ ብዙ ሰዎች፣ ይልቁንም ሴቶችና ልጆች፣ ኮንዞ በሚባል በሽታ እግራቸው ሽባ ሆነ። ከዘር የበቀለ ካሳቫ ደግሞ እናቱን ላይመስል ይችላል፤ ከጣፋጭ እናት መራራ ልጅ ሊወለድ ይችላልና። ስለዚህ በተማሪ ቤት ከዘር የበቀለውን ተክል ሥሩን ማንም አይቅመስ፤ ዘሩንም በአፉ የሚያኖር ልጅ አይኑር። ለምግብ የሚሆነውም የታወቀው ካሳቫ ተልጦ፣ ተዘፍዝፎ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ በእሳትም በስሎ ሊበላ ይገባል።

ከበቀለ በኋላ

ቡቃያው ቁመቱ አንድ ስንዝር ያህል ሲሆን፣ ዝናሙ በደኅና ከያዘ በኋላ፣ ከሥሩ አፈር ጋር ተነሥቶ ወደ ማሳ ይዛወራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከግንድ ከተተከለው ይልቅ ቀጭንና ዘገምተኛ ስለሚሆን አረም እንዳይውጠው መጠበቅ ያስፈልጋል። እያንዳንዱም ተክል ቍጥር ተጽፎበት በአጠገቡ እንጨት ይተከል፤ ወንድማማቾች ቢሆኑም ጠባያቸው የተለያየ ነውና። በዓመቱ የትኛው ድርቁን ቻለ፣ የትኛውን ነፍሳት አልጎዳውም፣ የትኛው ብዙ ሥር ሰጠ ተብሎ ይመረመራል። ከሁሉ የተሻለ ሆኖ የታየው ግንዱ ተቆርጦ ይተከላል፤ ከዚያም ወዲያ እንደ ሌላው ካሳቫ በግንድ ይበዛል። ዘሩ አዲሱን ዓይነት ለማግኘት፣ ግንዱም የተገኘውን ለማብዛት እንደሚያገለግል በዚህ ይታወቃል። የተመረጠው ተክል ግን ለምግብ ከመዋሉ በፊት መራራነቱና መርዙ በሚመለከታቸው ባለሙያዎች መመርመር ይኖርበታል። በአርባ ምንጭ የግብርና ምርምር ማእከል አለ፤ መልካም ሆኖ የተገኘ ተክል ያለው ተማሪ ቤት ቍጥሩንና የተጻፈበትን ደብተር ይዞ ለእነርሱ ቢያሳይ ድካሙ ከንቱ አይቀርም።

የጋሞ ገበሬ እንሰቱን ከግንዱ ሥር፣ ካሳቫውን ከቆረጠው ግንድ፣ ፖሙን ደግሞ በማዳቀል ሲያበዛ ኖሮአል። ሦስቱም ዘር አላቸው፤ ዘራቸው ግን ብዙ ጊዜ ሳይታይ ይወድቃል። በማሳው ዳር ሳይተከል የበቀለ የካሳቫ ቡቃያ ያገኘ ልጅ፣ ወዲያው ከመንቀል ይልቅ ምልክት አድርጎ ለአባቱና ለአስተማሪው ያሳይ። ያ ቡቃያ ጉንዳን የቀበረው፣ ዕረፍቱን የጨረሰ፣ የፀሐይ ሙቀት የቀሰቀሰው ዘር ነው። ዘር ይዞ አልበቅል ያለውም ሰው አፈሩን ከመገልበጡ በፊት አራት ጥያቄ ይጠይቅ፦ በስሎ ተለቅሞአልን? ዐርፎአልን? ቅርፊቱ ሳስቶአልን? ሙቀቱስ በቅቶታልን? አራቱም ተሟልተው ዘሩ ያልበቀለ እንደ ሆነ፣ ያን ጊዜ ከፍቶ ውስጡን ይመልከት፤ ሞቶአል የሚለውንም ፍርድ ከዚያ በኋላ ይስጥ።